እንቁራሪት፣ ነጋሪት፣ ዋሽንት፦ የሃታ ዮጋ ደረጃዎች ታሪክ

ከቡድሃ እምነት ጥንታዊ ስብከቶች አንዱ፣ መምህሩ ገና ቡድሃ ከመባሉ በፊት የሞከረውን ነገር ይተርካል። ጥርሱን ነክሶ፣ ምላሱን ከላንቃው አጣብቆ፣ ሐሳቡን በግድ ሊያስገብር ተቀመጠ። ላብ ከብብቱ ወረደ። ይህ አልበቃ ሲለው በአፉም በአፍንጫውም የሚመላለሰውን ትንፋሽ ዘጋ። ያን ጊዜ ጆሮው ውስጥ የአንጥረኛ ወናፍ የሚነፋ ያህል ድምፅ ጮኸበት፤ ራሱ በጠፍር እንደታሰረ ተወጠረ፤ ሆዱ በስለት የሚዘለዘል መሰለው፤ ሰውነቱ ፍም ላይ እንደተያዘ ተቃጠለ። በመጨረሻ መንገዱ ወደ እውቀት እንደማያደርስ ፈርዶ ተወው። ነገሩ የሆነው ከዛሬ 2,400 ዓመት ገደማ በፊት ሰሜን ሕንድ ውስጥ ነው።

ከብዙ ዘመን በኋላ ሃታ ዮጋ ተብሎ የታወቀው ልምምድ የቆመባቸው ነገሮች ከሞላ ጎደል እዚህ ትረካ ውስጥ አሉ፤ ላቡ፣ ምላሱ፣ የታገደው ትንፋሽ፣ የጆሮው ድምፅ። የሌለው ቅደም ተከተሉ ነው። የትኛው ምልክት ገና የመነሻ፣ የትኛው የመድረሻ እንደሆነ፣ መቼ መግፋት መቼም መታገሥ እንደሚገባ የሚነግር አልነበረም። ያ ሥርዓት ተሟልቶ እስኪጻፍ ከሺህ ዓመት በላይ ፈጀ። ከተጻፈ በኋላ ደግሞ ቦታውን እየቀያየረ፣ መልኩን እየለወጠ መጣ፤ ዛሬ ምንጣፍ ዘርግቶ ዮጋ ከሚሠራው ሰው አብዛኛው መኖሩንም አያውቅም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ400 ዓ.ም. ገደማ ፓታንጃሊ የተባለ ሊቅ የዮጋን ትምህርት በአጫጭር አንቀጾች ጠቅልሎ «ዮጋ ሱትራ»ን አዘጋጀ። በእርሱ ዘንድ መንገዱ ስምንት ክፍል አለው። ከሥነ ምግባር ይነሣል፣ በአቀማመጥና በትንፋሽ ያልፋል፣ የስሜት ሕዋሳትን ከውጭው ዓለም ይሰበስባል፣ በጥልቅ ተመስጦ ይደመደማል። ስለ አቀማመጥ ግን ፓታንጃሊ ቃል አያባክንም፤ የጸናና የማያስጨንቅ ይሁን ብሎ ያልፋል። እግር እንዴት እንደሚታጠፍ፣ እጅ የት እንደሚያርፍ ነገሬ አላለውም። ሰውነት አርፎ ይቀመጥለት እንጂ ሌላ የሚፈልግበት ነገር አልነበረም።

ሰውነትን ራሱን የሥራው ሜዳ ያደረጉት ሌሎች ናቸው። በ11ኛው መቶ ዓመት ገደማ በቡድሃ እምነት ታንትራ የተባለው ምሥጢራዊ ሥርዓት ተከታዮች መካከል «አምሪታሲዲ» የተባለ የሳንስክሪት መጽሐፍ ተጻፈ። ከቅጂዎቹ አንዱ ሳንስክሪቱን ከቲቤትኛ ትርጉም ጋር አጣምሮ የያዘ ሲሆን፣ በማሳረጊያው ላይ ያለው ቀን 1160 ላይ ይውላል። መጽሐፉ ለረጅም ጊዜ ከጥቂት ሊቃውንት በቀር የሚያውቀው አልነበረም፤ ከነማብራሪያው ተመርምሮ የታተመው ገና በ2021 ነው። ቡድሃ ሞክሮ የናቀውን የትንፋሽ ትግል ሥርዓት ሰጥተው የጻፉት የራሱ ተከታዮች መሆናቸው የዚህ ታሪክ የመጀመሪያው ምፀት ነው።

የ«አምሪታሲዲ» የሰውነት ካርታ እንዲህ ነው። በራስ ቅል ውስጥ ጨረቃ አለች፤ ከእርሷ ሕይወትን የሚያቆም ፈሳሽ፣ ቢንዱ፣ ይንጠባጠባል። ሆድ ውስጥ ደግሞ ፀሐይ አለ፤ የወረደውን ሁሉ ይበላዋል። ሰው የሚያረጀውና የሚሞተው ከዚህ የተነሣ ነው። ቢንዱ፣ ትንፋሽና ሐሳብ የተሳሰሩ ስለሆኑ አንዱ ሲናወጥ ሌሎቹም ይናወጣሉ፤ አንዱ ሲረጋ ሁሉም ይረጋሉ። ስለዚህ ትንፋሹን ይዞ በጀርባ አጥንት መካከል በሚያልፈው ቧንቧ ወደ ላይ መመለስ ያስፈልጋል። ለዚህ ሦስት ልምምዶች ተሰጡ። በመጀመሪያው አንዱ ተረከዝ ከብልት በታች ተጭኖ ይቀመጣል፣ ሌላው እግር ተዘርግቶ በሁለት እጅ ይያዛል፣ አገጭ ደረት ላይ ይደፋል፣ ትንፋሽም ይታገዳል። ሁለተኛው ከላይና ከታች በመቆለፍ የታገደውን አየር ያጸናል። በሦስተኛው ሰውነት ከመሬት ነሳ ተደርጎ በመቀመጫው ይጣላል፤ አየሩ መሐል መንገዱን እንዲበሳ ነው። በዚያ መንገድ ላይ በብራህማ፣ በቪሽኑና በሩድራ ስም የሚጠሩ ሦስት ቋጠሮዎች ተደቅነዋል።

የጉዞው አራት ደረጃዎችም ተሟልተው የሚገኙት በዚሁ መጽሐፍ ነው። አንደኛው አራምባ፣ መነሻው ነው። ሁለተኛው ጋታ፣ ማሰሮ ማለት ነው፤ ሰውነት አየሩን እንደ ዕቃ ሳያፈስ የሚይዝበት ጊዜ። ሦስተኛው ፓሪቻያ፣ ሠልጣኙ ከያዘው ኃይል ጋር የሚላመድበት ነው። አራተኛው ፍጻሜው ሲሆን የኋላ መጻሕፍት ኒሽፓቲ ይሉታል። ልብ በሉ፤ አንዱም ደረጃ በአንድ የሰውነት ቅርጽ አይለካም። የሚለካው ውስጥ በሚሆነው ነው፤ የትኛው ቋጠሮ ተፈታ፣ ትንፋሹ የት ደረሰ፣ ምን ተሰማ።

በ13ኛው መቶ ዓመት ገደማ ይህ ትምህርት ስሙን ይዞ ወጣ። ልምምዱን ሃታ ዮጋ ብሎ በሥርዓት ያስተማረው የመጀመሪያው መጽሐፍ «ዳታትሬያ ዮጋ ሻስትራ» ነው፤ ዳታትሬያ የተባለው መለኮታዊ መምህር ሳምክሪቲ ለተባለ ጠያቂ ሲመልስ የሚያሳይ ምልልስ ነው። የመጽሐፉ ልብ ሰፊ ነው። ብራህማን ቢሆን መናኝ፣ ቡድሂስት ቢሆን ጃይን፣ የራስ ቅል ይዞ የሚዞር ካፓሊካ ቢሆን አምላክ የለም ባይ፣ አምኖ እስከሠራ ድረስ ይሳካለታል ይላል። የመነኩሴ ልብስ ለብሶ ወሬ ለሚያበዛው ግን ምሕረት የለውም።

አራቱን ደረጃዎች እንደ ዳታትሬያ አጣፍጦ የተረከ አላየሁም። ጀማሪው በቀን አራት ጊዜ፣ ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታና እኩለ ሌሊት ተቀምጦ ትንፋሹን ይይዛል። ጨው፣ ሰናፍጭ፣ ጎምዛዛና የሚያቃጥል ምግብ ይተዋል። መጀመሪያ ላብ ይመጣል፤ በጨርቅ አይጠረግም፣ እዚያው ሰውነት ላይ ይታሻል። ቀጥሎ መንቀጥቀጥ ይመጣል። ልምምዱ ሲጠነክር ሠልጣኙ እግሩን ቆላልፎ እንደተቀመጠ መሬት ላይ እንደ እንቁራሪት ይዘላል፤ ከዚያም ሲያልፍ ከመሬት ይነሣል። ይህ ሁሉ ገና አንደኛው ደረጃ ነው። እንቁራሪቱ በዘመናዊ መጻሕፍት አንዳንዴ እንደ ታላቅ ምሥጢር ሲጠቀስ ስለማይ ይገርመኛል፤ ለዳታትሬያ የአንደኛ ክፍል ነገር ነው።

ሁለተኛው ደረጃ ላይ የሚመጣው ፈተና የሰው ልጅ ፈተና ነው። ሠልጣኙ ልዩ ልዩ ኃይል ያገኛል። መጽሐፉ ግን ይህን ለማንም እንዳያሳይ አጥብቆ ይመክረዋል። ሰው ፊት እንደ ሞኝ፣ እንደ ደንቆሮ ሆኖ ይኑር። ያለዚያ ደቀ መዛሙርት ይጎርፋሉ፤ አንዱ ይህን አድርግልኝ፣ ሌላው ያንን ስጠኝ ሲል ውሎ ያድራል፤ መምህሩም የእነርሱን ጉዳይ ሲያስፈጽም የራሱን ልምምድ ይረሳና እንደ ማንኛውም ዓለማዊ ሰው ይሆናል። ሦስተኛው ደረጃ በአምስቱ ባሕርያት፣ በምድር፣ በውኃ፣ በእሳት፣ በነፋስና በጠፈር ላይ እያንዳንዱን ለብቻው ይዞ ማሰላሰል ነው። ከዚያ በኋላ አራተኛው፣ ሳማዲ የተባለው ፍጹም ተመስጦ፣ ሩቅ አይደለም።

በእነዚያው ምዕተ ዓመታት ትምህርቱ ከአንድ ቡድን ወደ ሌላው እየተሻገረ፣ ማትስዬንድራናትንና ጎራክሽናትን አባቶቼ በሚለው የናት ማኅበር ዘንድ ሥር ሰደደ። እዚያ ሌላ ሐሳብ ተቀላቀለበት፤ ከጀርባ አጥንት በታች እንደ እባብ ተጠቅልላ ተኝታ የምትነቃው ኩንዳሊኒ። በ«አምሪታሲዲ» ይህች እባብ የለችም። የተለያዩ መጻሕፍት የተለያየ ነገር ይሉ ጀመር፤ አንዱ ቢንዱን አድን ይላል፣ ሌላው እባቢቱን አንቃ፣ ሌላው ድምፁን አድምጥ። አንድ ሰው ሰብስቦ እስኪያስታርቃቸው ድረስ ነገሩ የተበታተነ ነበር።

ያ ሰው ስቫትማራማ ነው። በ1450 ገደማ «ሃታ ፕራዲፒካ»ን አዘጋጀ። የሠራው ሥራ ከድርሰት ይልቅ ለስፌት ይቀርባል፤ ሃያ ከሚያህሉ የቀደሙ መጻሕፍት ስንኝ እየቆረጠ አንድ ላይ ሰፋ። መገጣጠሚያው አንዳንድ ቦታ ይታያል፤ አንዱ ገጽ ላይ የተባለው ሌላው ላይ ይፋለሳል። እርሱ ግን ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ይወስዳሉ በሚል እምነት አስቀመጣቸው። መጽሐፉ በአጭር ጊዜ ውስጥ የሃታ ዮጋ ዋና መጽሐፍ ሆነ፤ እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው።

ስቫትማራማ ከቦታው ይጀምራል። መልካም አስተዳደር ባለበት፣ ሕዝቡ ደግ በሆነበት፣ ምግብ በማይታጣበት አገር ትንሽ ጎጆ ትሠራ። በሯ ጠባብ፣ መስኮት የሌላት፣ በእበት በደንብ የተለቀለቀች፣ ነፍሳት የማይገቡባት ትሁን። የሚያጠፉትንም ይዘረዝራል፤ ከልክ በላይ መብላት፣ ከልክ በላይ መድከም፣ ወሬ ማብዛት፣ በስእለት ድርቅ ማለት፣ ሰው ማብዛት፣ አለመርጋት። ስንዴ፣ ሩዝ፣ ገብስ፣ ወተት፣ ቅቤና ማር ይብላ፤ ግን ከሆዱ ሩቡን ባዶ ይተው። ወጣት ይሁን ሽማግሌ፣ በሽተኛም ይሁን ደካማ ሁሉም ይችለዋል፤ የማይችለው ሰነፉ ነው።

ከዚያ አሳና፣ ማለትም የሰውነት አቀማመጥ፣ ይመጣል። ስቫትማራማ መጀመሪያ የማቀርበው የሃታ የመጀመሪያ ክፍል ስለሆነ ነው ይላል፤ ጥቅሙም መጽናት፣ ጤናና የሰውነት ቅልጥፍና ነው። የገለጻቸው 15 ብቻ ናቸው። አብዛኞቹ የመቀመጫ ዓይነቶች ሲሆኑ፣ በክርን ላይ ተመዝኖ እንደ ፒኮክ መንሳፈፍና እንደ ሬሳ በጀርባ ተንጋሎ ማረፍም አሉበት። በአንድ ጠዋት ተነብበው ያልቃሉ። ቀጥሎ ስብና አክታ ለበዛበት ሰው ስድስት የማጽጃ ሥራዎች ተቀመጡ። ከእነርሱ አንዱ አራት ጣት ስፋት ያለውን ረጅም የራሰ ጨርቅ ቀስ እያሉ ውጦ መልሶ ማውጣት ነው፤ ስቫትማራማ ይህንን ስለ ምሳ የሚያወራ ያህል በረጋ ቋንቋ ይነግረናል።

ትንፋሹ ላይ ሲደርስ ግን ቃናው ይለወጣል። አንበሳ፣ ዝሆንና ነብር ቀስ በቀስ እንደሚገሩ ትንፋሽም እንዲሁ ይገራል፤ በችኮላ የነካውን ይገድላል። በአግባቡ የያዘው ከበሽታ ሁሉ ይድናል፤ ያለአግባብ የያዘው በሽታ ሁሉ ይመጣበታል። በቀን አራት ጊዜ መቀመጥ አለ፤ በየጊዜው የሚታገደው ትንፋሽ ቀስ እያለ እስከ 80 ይደርሳል። ላቡ የዝቅተኛው፣ መንቀጥቀጡ የመካከለኛው፣ የትንፋሹ ከቦታው መድረስ የከፍተኛው ልክ ነው። ወተትና ቅቤም ለጀማሪው ታዘዙ፤ ልምምዱ ከጸና በኋላ የምግብ ሕጉ ይላላል። ሦስተኛው ክፍል ስለ ሙድራዎች፣ ትንፋሽንና ፈሳሹን ስለሚቆልፉት ልምምዶች፣ ነው። ከአሥሩ አንዱ፣ ኬቻሪ፣ ከምላስ ሥር ያለውን ጅማት በየሰባት ቀኑ የፀጉር ያህል እየቆረጡ ለስድስት ወር ምላስን በማስረዘም ወደ ላንቃው ጓዳ ማስገባት ነው፤ ከራስ የሚወርደውን ፈሳሽ ለመገደብ።

አራቱ ደረጃዎችስ? ስቫትማራማ እነርሱን መጨረሻው ክፍል ላይ፣ የውስጥ ድምፅን ማድመጥ በሚያስተምርበት ቦታ አኖራቸው። እዚያ ሲደርስ መጽሐፉ በእርግጥ ያምራል። አንደኛው ደረጃ ላይ የብራህማ ቋጠሮ ሲበሳ፣ ማንም ያልመታው የቃጭልና የጌጥ ድምፅ ደረት ውስጥ ይሰማል። ሁለተኛው ላይ የቪሽኑ ቋጠሮ ይፈታና ነጋሪት ይጎሰማል። ሦስተኛው ላይ በቅንድቦች መካከል የከበሮ ድምፅ ይመጣል። አራተኛው ላይ የሩድራ ቋጠሮ ተፈትቶ ዋሽንትና ቪና የተባለው ባለ ክር መሣሪያ ይሰማሉ። ሌላ ቦታ ደግሞ ከባሕርና ከነጎድጓድ ተነሥቶ፣ በመለከትና በደወል አልፎ፣ እንደ ንብ ጩኸት እየቀጠነ የሚሄድ ድምፅ ይገልጻል። ሠልጣኙ ከጉልሁ ወደ ረቂቁ እየተከተለ ይሄዳል፤ ድምፁ ሲጠፋ ሐሳቡም አብሮ ይጠፋል።

ክፍፍሉ ግን የራሱን መዘዝ አመጣ ብዬ አምናለሁ። ስቫትማራማ መጽሐፉን በመሣሪያ ከፈለው፤ አሳና፣ ትንፋሽ፣ ሙድራ፣ ድምፅ። የዳታትሬያ ሠልጣኝ ግን በእያንዳንዱ ደረጃ የሚሆንበትን እየተመለከተ ነበር የሚራመደው። ከስቫትማራማ በኋላ የመጣው አንባቢ የመጽሐፉን ክፍሎች ራሳቸውን እንደ ደረጃ ቆጠራቸው። እንዲህ ከሆነ አሳና የመጀመሪያው ይሆናል፤ የመጀመሪያው ላይ የሚቆም ሰው ደግሞ በየዘመኑ አይጠፋም።

በዚያው ዘመን ገደማ «ሺቫ ሳምሂታ» ሠልጣኞችን ራሳቸውን በአራት መደበ። ደካማው፣ ፈሪውና ሆዳሙ በአሥራ ሁለት ዓመት ይደርሳል፤ ከፍተኛው በስድስት፣ ከሁሉም የላቀው በሦስት። ቤተሰብ ያለው ሰውም ልጅና ሚስቱ መካከል ሆኖ በልቡ ካልተጣበቀ ይሳካለታል አለ። ይህ ዮጋው ጎጆዋን ትቶ ወደ ሰው ቤት የመግባቱ ምልክት ነው።

ትምህርቱ ድንበርም ተሻግሯል። ፓታንጃሊን በ11ኛው መቶ ዓመት አል ቢሩኒ ወደ ዐረብኛ መልሶት ነበር። በ16ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ደግሞ የጓሊዮሩ የሱፊ ሼክ መሐመድ ጋውስ ስለ ትንፋሽና ስለ አቀማመጥ የሚናገር «ባሕር አል ሐያት» የተባለ መጽሐፍ በፋርስኛ አዘጋጀ። በ1600 ዓ.ም. ግድም ለሙጋሉ ልዑል ሳሊም የተሠራው ቅጂ በሥዕል አጊጧል፤ አመድ የተቀቡ ዮጊዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ይታያሉ፤ የሃታ አሳናዎችን በተከታታይ በሥዕል ካሳዩት ሥራዎች ከቀደሙት አንዱ ነው። የዘመኑ መናንያን ሁሉ ግን እንዲህ ጸጥ ያሉ አልነበሩም። የሳሊም አባት አክባር በ1567 ታኔስዋር ላይ ሁለት የመናንያን ጭፍሮች በቅዱሱ መታጠቢያ የተነሣ ሰይፍ መዘው ሲተላለቁ ቆሞ ተመልክቷል።

በ1700 አካባቢ ቤንጋል ውስጥ የተጻፈው «ጌራንዳ ሳምሂታ» አራቱን ደረጃዎች ትቶ ሰባት አቆመ። ለጌራንዳ ሰውነት ራሱ ጥሬ ማሰሮ ነው፤ ውኃ ቢፈስበት ይሟሟል፤ በዮጋ እሳት መተኮስ አለበት። ስድስቱ ማጽጃዎች ያጠሩታል፣ አሳና ያበረታዋል፣ ሙድራ ያጸናዋል፣ ስሜትን መሰብሰብ ያረጋጋዋል፣ ትንፋሽ ያቀለዋል፣ ማሰላሰል ውስጡን ያሳየዋል፣ ሳማዲ ከሁሉ ነገር ነጻ ያወጣዋል። ማጽጃ ለስቫትማራማ ስብ ለበዛበት ሰው የታዘዘ መድኃኒት ነበር፤ እዚህ ለሁሉም መግቢያ ሆነ። አሳናዎቹም ወደ 32 አደጉ።

ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ዝም ብሎ ይወጣል። በ1737 ጃያታራማ የጻፈው «ጆጋፕራዲፓካ» 84 አሳና ይገልጻል። በ18ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው «ሃታብያሳፓዳቲ» ከመቶ በላይ አለው፤ በጀርባ ተኝቶ፣ በሆድ፣ ቆሞ፣ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ የሚሠራ፣ የሚደጋገምና የሚንቀሳቀስ። በ19ኛው መቶ ዓመት የማይሶሩ ንጉሥ ሦስተኛው ክሪሽናራጃ ዎዴያር ባሠራው «ሽሪታትቫኒዲ» ውስጥ 122 አሳና በቀለም ተሥሏል። እንግዲህ የአሳና መብዛት የፈረንጅ ፈጠራ ነው የሚለው ወሬ ልክ አይደለም፤ ፈረንጅ ሳይደርስበት በፊት ተጀምሯል።

እንግሊዞች ሲመጡ ዮጊው ሽፍታ ሆኖ ነው የታያቸው። መሣሪያ የታጠቁ መናንያን በንግድ መንገዶች ላይ ኃይል ስለነበሩ ዋረን ሄስቲንግስ በ1773 በቤንጋል እንዳይዘዋወሩ ከለከለ። ትጥቁን የፈታው ዮጊ ገበያ ላይ ተቀምጦ ሰውነቱን እያጠላለፈ ሳንቲም መለመን ያዘ። በ1837 ደግሞ ሃሪዳስ የተባለ ፋኪር (መናኝ) ላሆር ውስጥ በማሃራጃ ራንጂት ሲንግ ፊት ለ40 ቀን ተቀብሮ በሕይወት ወጣ ተብሎ ተጻፈ። በ1851 ናቪን ቻንድራ ፓል የተባለ ሐኪም ቤናሬስ ላይ ስለ ዮጋ ባሳተመው መጽሐፍ የትንፋሽን መታገድ ክረምቱን ተኝተው ከሚያሳልፉ እንስሳት ጋር አነጻጸረ። ኃይልህን አታሳይ ያለው ዳታትሬያ ይህን ቢያይ ምን እንደሚል መገመት አይከብድም።

የተማረው ሕንዳዊ በሃታ አፈረ። በ1893 ቺካጎ ላይ በዓለም ሃይማኖቶች ጉባኤ ተናግሮ ዝናው የገነነው ስዋሚ ቪቬካናንዳ፣ በ1896 ያወጣው መጽሐፍ «ራጃ ዮጋ» ነው። ፓታንጃሊን ከፍ አድርጎ፣ ሃታን ከባድና ለመንፈስ ብዙ የማይጠቅም ብሎ አለፈው።

ሃታን ሌሎች በሌላ በር መለሱት። በ1918 ሽሪ ዮጌንድራ ቦምቤይ ውስጥ የዮጋ ተቋም ከፈተ። በ1924 ስዋሚ ኩቫላያናንዳ ሎናቫላ ላይ ካይቫልያዳማን አቋቁሞ በዚያው ዓመት የምርምር መጽሔት ማሳተም ጀመረ። ሆዳቸውን ወደ ውስጥ የሰበሰቡ ሠልጣኞችን በኤክስሬይ አነሣ፤ ግፊቱን በመሣሪያ ለካ። ጌራንዳ ያነጻል ያለው ሥራ አሁን የአንጀት ጤና ጉዳይ ሆነ። በኤክስሬይ የሚታይ ነገር ተከበረ። የቃጭሉንና የነጋሪቱን ድምፅ የሚያነሣ መሣሪያ ግን አልነበረም፤ ስለዚህ ማንም አልጠየቀው።

ከ1930ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ማይሶር ቤተ መንግሥት ውስጥ ቲሩማላይ ክሪሽናማቻሪያ ለወጣቶች ያስተምር ነበር። የአራተኛው ክሪሽናራጃ ዎዴያር ድጋፍ ነበረው፤ በ1934 «ዮጋ ማካራንዳ»ን አሳተመ። አሳናዎቹን ከትንፋሽ ጋር አያይዞ አንዱን ከሌላው በመዝለል አቀጣጠላቸው። ከዚያች ትንሽ ትምህርት ቤት የወጡት ሰዎች ዓለምን ሞሉት። ኢንድራ ዴቪ በ1947 ሆሊውድ ላይ ማሠልጠኛ ከፈተች። ፓታቢ ጆይስ የተማረውን የመጀመሪያ፣ የመካከለኛና የላቀ ብሎ በተከታታይ ቅርጾች አደራጀው፤ ተማሪው የያዘውን አሳና ሳያጸና መምህሩ ቀጣዩን አይሰጠውም። አየንጋር በ1966 «ላይት ኦን ዮጋ»ን አወጣ። 600 ያህል ፎቶግራፍ አለው፤ ለእያንዳንዱ አሳና የክብደት ቁጥር ሰጥቶታል፤ በመጨረሻው ላይ የ300 ሳምንት የልምምድ ፕሮግራም አስቀምጧል።

እዚህ ላይ ደረጃ ጠፋ ማለት አይቻልም። ደረጃ ተመልሶ መጣ፤ የሚለካው ግን ተለወጠ። ቀድሞ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የተፈታ ቋጠሮና የተሰማ ድምፅ የነበረው መለኪያ አሁን ጉልበት ምን ያህል ታጠፈ፣ ጀርባ ምን ያህል ተለጠጠ ሆነ። አየንጋር ራሱ አራቱን ጥንታዊ ስሞች ያውቃቸው ነበር፤ በኋለኞቹ መጻሕፍቱ ከአራምባ እስከ ኒሽፓቲ ጠርቶ ለአሳና ልምምድ ትርጉም ሰጥቷቸዋል፤ ከሰውነት ተነሥቶ ወደ ውስጥ እየጠለቀ የሚሄድ አድርጎ። ይህ ለእኔ የሚያስከብረው ነው። ግን ማሰሮው አሳና ሆኗል፤ ነጋሪቱ የለም።

በ2014 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በየዓመቱ ጁን 21 የዓለም የዮጋ ቀን እንዲሆን ወሰነ። በ2016 ደግሞ ጉዳዩ እኛው ቤት መጣ። የዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች ኮሚቴ 11ኛ ጉባኤውን ከኖቬምበር 28 እስከ ዲሴምበር 2 አዲስ አበባ ላይ፣ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አዳራሽ ሲያካሂድ ሕንድ ያቀረበችውን ዮጋን በማይዳሰስ ቅርስነት መዘገበ። የምዝገባው መግለጫ አሳናን፣ ማሰላሰልን፣ የትንፋሽ ቁጥጥርንና የቃል ዜማን ይጠቅሳል፤ ስለ አራቱ ደረጃዎች ግን አያነሣም። በዚያው ጉባኤ የገዳ ሥርዓትም ተመዘገበ፤ የእርሱ መግለጫ እያንዳንዱ የገዳ ክፍል ሥልጣን ላይ ከመድረሱ በፊት የሚያልፍባቸውን እርከኖች፣ የስምንት ዓመቱን ዙር ሳይቀር ይናገራል።